ሻጭ ቀብድ ሲከፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህን ጽሑፍ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የቤተሰብ ገመና አደባባይ ማውጣት መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ባለጉዳይዋ ራሷ "ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠራ" አለችኝ። ረዘም ይላል። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ በዲቪ ሄዳችሁ እዚያ የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታላቅ እህቴ ላስቬጋስ ነው የምትኖረው። ሆቴል ውስጥ ክፍል እያጸዳች ነው የምትተዳደረው። በፈረንጆች 2016 ላይ፣ በእረፍት ቀኗ ከጓደኛዋ ጋር መንገድ ላይ ስትሄድ አንድ ለባብሶ የቆመ ወጣት ያስቆማቸዋል። ነጻ ቁርስ፣ የሁለት ሰው የሾው ትኬት፣ በምላሹ ደግሞ "ዘጠና ደቂቃ ብቻ" የሚወስድ ገለጻ ማዳመጥ። ዘጠና ደቂቃው አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። አንዱ ሻጭ ሲደክመው ሌላው እየተተካ፣ "አይ" ባለች ቁጥር ዋጋው እየወረደ፣ "ይህ ዋጋ የዛሬ ብቻ ነው" እየተባለ፣ ጠዋት ቁርስ ልትበላ የገባች ሴት ከሰዓት በኋላ በ14,000 ዶላር የታይምሼር ባለቤት ሆና ወጣች።

ታይምሼር ምን እንደሆነ ለማታውቁ (እኔም አላውቅም ነበር)፦ አንድ የመዝናኛ ሪዞርት ክፍል በሳምንታት ተከፋፍሎ ለብዙ ሰው ይሸጣል። አንተ የምትገዛው በዓመት አንድ ሳምንት እዚያ የማረፍ መብት ነው። አንዳንዱ በሳምንት ፋንታ "ነጥብ" ይሸጣል፣ ነገሩ ያው ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንስራ። ዓመቱ 52 ሳምንት አለው። እህቴ የገዛችበትን ዋጋ በ52 ብታባዙት 728,000 ዶላር ይመጣል። ለአንዲት ክፍል! እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፣ ሒሳብ የባልደረቦቼ ነው፣ ግን ይህን ለማስላት ዲግሪ አያስፈልግም፣ የኔም ዲፕሎማ ይበቃል።

ዋናው ጣጣ ግን የመግዣ ዋጋው አይደለም። በየዓመቱ የሚመጣ የጥገና ክፍያ አለ። ሄድክም ቀረህም ትከፍላለህ። የእህቴ መጀመሪያ 640 ዶላር ነበር፣ አሁን ከሺህ አልፏል። ብድሩን ከነከባድ ወለዱ በስድስት ዓመት ጨርሳ ከፍላለች። የተጠቀመችበት ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የምትኖረው እዚያው ከተማ፣ የምትውለው ሆቴል ውስጥ! በእረፍቷ ሌላ ሆቴል ሄዳ ትተኛለች እንዴ?

አሁን ከናንተ ውስጥ "ሞኝ ናት" ያለ ይኖራል። አይደለችም። ተመልከቱ፣ እኛ ያደግነው ካርታ ያለው ነገር ዋጋው ሲወርድ ባላየንበት አገር ነው። ጎረቤታችን በአስራ አምስት ሺህ ብር የሠራት ጭቃ ቤት ዛሬ ስንት እንደምትባል ታውቁታላችሁ። ስለዚህ "ባለቤት ሆነሻል፣ የባለቤትነት ሰነድሽ ይኸው" ሲባል አእምሮ ወዲያው ወደ ቤት ሽያጭ ይሄዳል። ንብረት ነዋ። ቢቸግረኝ እሸጠዋለሁ ትላለህ። ታይምሼር ግን እንደዚያ አይደለም። በብዛት ለሽያጭ ወጥቶ ገዥ ያጣ ዕቃ ነው። ኢቤይ ላይ በ1 ዶላር ወጥተው የሚያነሳቸው ያጡ አሉ። ሰው በ1 ዶላር እንኳ የማይፈልገው ከነዓመታዊ ዕዳው ስለሚረከበው ነው። ይህን እውነት እህቴ አታውቅም ነበር፣ እኔም አላውቅም። ሌባው ግን ጠንቅቆ ያውቃል። የሚነግደውም በዚያው ነው።

ባለፈው ዓመት ስልክ ተደወለላት። ጨዋ ድምጽ፣ ስሟን ከነአባቷ የሚጠራ፣ የሪዞርቱን ስም፣ የገዛችበትን ዓመት ሁሉ የሚያውቅ። "ንብረትሽን ለመግዛት የተዘጋጀ ድርጅት አግኝተናል፣ 18,500 ዶላር ያቀርባል" አላት። በ14,000 የተገዛ ነገር ከዘጠኝ ዓመት በኋላ 18,500 ቢባል፣ በኛ አገር ጭንቅላት እንዲያውም ረከሰ። እንዴት ዝርዝሯን አወቁ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አሜሪካ ውስጥ በሰነድ የተመዘገበ ንብረት መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። የባለቤቶች ስም ዝርዝርም ይሸጣል። አንዳንዴ ደግሞ ሪዞርቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው በጉቦ ያወጣዋል። ዝርዝርህን ማወቁ የማንነቱ ማስረጃ አይደለም።

ወረቀቶቹን በቴሌግራም ላከችልኝ። ይህን ክፍል ነው ለመጻፍ የፈራሁት።

"አንተ ልጅ፣ እንግሊዝኛው ያንተ ነው፣ እስቲ እይልኝ" አለችኝ። የደብዳቤ ራስጌ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የገዥ ፊርማ አለው፣ ገንዘቡን በአደራ ይዞ ያቆያል የተባለ ሦስተኛ ወገን ስም ከነአድራሻው አለው። ሁለቴ አነበብኩት። አንድ የሰዋስው ስህተት የለውም። እኔ ደሞ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስንቱን ተማሪ "የአጭበርባሪ ደብዳቤ በፊደል ስህተቱ ይታወቃል" ብዬ አስተምሬያለሁ። ታስታውሱኛላችሁ አይደል? ተሳስቼ ነበር፣ እርሱት። ዛሬ ማንም ሌባ በአንድ ደቂቃ ከኔ የተሻለ እንግሊዝኛ በኮምፒውተር ያስጽፋል። እናም "እታለም፣ ወረቀቱ ትክክል ይመስላል" አልኳት።

ትክክል ይመስላል። እነዚህ ሁለት ቃላት ለእህቴ 2,850 ዶላር ነበሩ። ለስም ማዛወሪያና ለታክስ ነው፣ ሽያጩ ሲጠናቀቅ ተመላሽ ይሆናል ተብሎ ከባንክ በሐዋላ ላከች። ከአምስት ሳምንት በኋላ "ገዥው ገንዘቡን አስገብቷል፣ ግን ያልተከፈለ ክፍያ ተገኝቷል" ተብሎ 1,900 ተጠየቀች። ይህን ለኔም አልነገረችኝም፣ ላከች። ሦስተኛ ጊዜ 3,200 ሲሏት ነው ነቅታ፣ ወይም ገንዘብ አልቆባት፣ ያቆመችው። ድምሩ 4,750 ዶላር። ስልኩ ከዚያ በኋላ አይነሳም።

በዚያው ሰሞን እህቴ ለእናታችን የምትልከውን አቆመች። አራት ወር። "ሥራ ቀንሰውብኝ ነው" አለች። ፋሲካ መጣ፣ ምንም አልመጣም። ታናሽ ወንድማችን "አሜሪካ ገባችና ረሳችን" አለ። እናታችን "ልጄ ምን አግኝቷት ይሆን" እያለች ስታለቅስ፣ እኔ ወንድሜን ዝም በል አላልኩትም። በሆዴ እኔም ብያለሁ። እሷ ግን በዚያን ጊዜ የኔን "ትክክል ይመስላል" እየከፈለች ነበር፣ ደግሞም እንዳይከፋኝ ብላ ደብቃኝ።

እንግዲህ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ከዚያ ወዲህ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። የሚያስቆጨኝ፣ እንግሊዝኛውን ትቼ እዚህ ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ ደላላ ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ሻይ ይነግረኝ ነበር። ደላላ ላይ ብዙ እናማርራለን፣ ግን ገዥና ሻጭ ሳይፈራረሙ ኮሚሽን አምጡ የሚል ደላላ ማንም አይሰማውም። ቀብድ የሚከፍለው ደግሞ ማነው? ገዥ ነው! ሻጭ ቀብድ ሲከፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሬ ልትሸጥ ገበያ የወጣህን ሰው "መጀመሪያ አንተ ብር ስጠኝና በሬህን እገዛሃለሁ" ቢልህ ትስቅበታለህ። ያው ነገር በእንግሊዝኛ፣ በማኅተም፣ "ክሎዚንግ ኮስት" ተብሎ ሲመጣ ግን እንከፍላለን። የአሜሪካው ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽንም ታይምሼር ለሚሸጡ ሰዎች የሚሰጠው ምክር ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ከሽያጩ በፊት ክፍያ ከሚጠይቅ ራቁ፣ ክፍያውን ሽያጩ ካለቀ በኋላ ከሚቀበል ጋር ሥሩ።

መፈተኛው ቀላል ነው። "ክፍያችሁን ከሽያጩ ላይ ቁረጡት" በሉ። 18,500 ሊሰጠኝ የተዘጋጀ ሰው ካለ 2,850ውን ከዚያ ላይ ቀንሶ 15,650 ይላክልኝ። እውነተኛ ደላላ ይህን አይቃወምም፣ የሚሠራውም እንዲሁ ነው። ሌባው ግን መቶ ምክንያት ያመጣል፦ የመንግሥት ሕግ ነው፣ የሜክሲኮ ታክስ ነው፣ የባንኩ አሠራር ነው። አንድም ጊዜ እሺ አይልም፣ ምክንያቱም የሚቀነስበት ገንዘብ የለም።

የሜክሲኮን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ይህ የአንድ የመንደር አጭበርባሪ ሥራ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ግምጃ ቤትና ኤፍቢአይ በጁላይ 2024 ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ ከ2019 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ወደ 6,000 የሚጠጉ አሜሪካ ያሉ ሰዎች ሜክሲኮ ካለ ታይምሼር ጋር በተያያዘ ማጭበርበር ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር መዘረፋቸውን ተናግረዋል። ከጀርባ ያሉት የአደንዛዥ ዕፅ ካርቴሎች ናቸው፣ በተለይ የሃሊስኮው። የስልክ ማዕከል አቋቁመው፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ቀጥረው። የእህቴ ሪዞርት ሜክሲኮ አይደለም፣ ማን እንደዘረፋትም አይታወቅም። ግን ወደ ኋላ ሄጄ ሳነበው አካሄዱ ቁርጥ ያ ነው። "ለምን ተታለልሽ" ስትሏት ከማን ጋር እንደተፋለመች እወቁት።

ሰውን የሚያታልለው ድንቁርና ነው የሚሉ አሉ። እኔ አሁን እንደዚያ አላምንም። እህቴን ያታለላት የከፈለችውን 14,000 የማስመለስ ተስፋ ነው። "ዋጋው ዜሮ ነው፣ ከዕዳው ከተገላገልኩ ይበቃኛል" ብላ የቆረጠችን ሴት ማን ሊያታልላት ይችላል? 18,500 ሲላት ትስቅበት ነበር። ስለዚህ ታይምሼር ያላችሁ፣ መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ተቀምጦ ማዘን ነው። አልቀልድም። ገንዘቡ እንደሄደ አምናችሁ እዘኑ፣ ልቅሶው ይውጣላችሁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ገና ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ፈርማችሁ ከሆነ ግን አትዘኑ፣ ሩጡ። ሕጉ የመሰረዣ ቀን ይሰጣል። ኔቫዳ 5 ቀን፣ ቨርጂኒያ 7 ቀን፣ ፍሎሪዳ 10 ቀን ነው። በሌላ ግዛት ይለያያል፣ ውሉ ላይ ተጽፏል፣ በደቃቅ ፊደል ቢሆንም ፈልጉት። በስልክ አይበቃም። በጽሑፍ፣ ውሉ በሚለው አድራሻ፣ ደረሰኝ በሚሰጥ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን ያዙ። እህቴ ይህን የሰማችው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ቀኑ ላለፈባችሁ፣ ማንንም ሻጭ ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ ራሱ ወደ ሪዞርቱ ደውሉ። በውላችሁ ላይ ባለው ቁጥር እንጂ የደወለላችሁ ሰው በሰጣችሁ ቁጥር አይደለም። ብዙዎቹ ትልልቅ ድርጅቶች ብድሩ ያለቀለትንና ዓመታዊ ክፍያው ያልተጓደለበትን ሰው ታይምሼሩን መልሰው የሚረከቡበት አሠራር አላቸው። ሽያጭ ክፍሉ ብዙም አይነግርህም፣ ራስህ "መመለስ እፈልጋለሁ" ብለህ መጠየቅ ነው። ገንዘብ አይሰጡህም። ዕዳውን ይወስዱልሃል፣ በቃ። ተቀባይ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለህ ሪዞርቱን ጠይቀህ ስም ማዛወርም ይቻላል፣ ዓመታዊ ክፍያውን አሳውቀኸው ግን፣ ዘመድህን ደግሞ አንተ እንዳታታልለው።

የግድ እሸጣለሁ የሚል፣ ፈቃድ ያለው ደላላ ይያዝ። ፈቃድ አለኝ ማለቱ አይበቃም፣ በግዛቱ የሪል ስቴት ቢሮ ዘንድ ራሳችሁ ስሙን አጣሩ። ገንዘብ በአደራ ይይዛል የተባለውንም ድርጅት እንደዚያው። የእህቴ ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ በኋላ ላይ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፣ ፍሎሪዳ የምትኖር፣ በመኪና ሄዳ አየችልኝ። የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። (እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ፣ ስምሽን አልጠራም።)

ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፣ "እንገዛሃለን" ሳይሆን "ከታይምሼር እናስወጣሃለን" የሚል። ሺህ ዶላሮችን አስቀድሞ ይቀበልና "ዓመታዊ ክፍያውን አቁም፣ ከሪዞርቱም ጋር አትነጋገር" ይልሃል። ክፍያውን ስታቆም የክሬዲት ታሪክህ ይበላሻል፣ ዕዳው ይቆለላል፣ እሱ ግን ድርሻውን ወስዷል። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2020 እንዲህ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት ፍርድ ቤት አቁሞታል። እነዚህ ሰዎች "ስትሞት ዕዳው ለልጆችህ ይተላለፋል" እያሉ ያስፈራራሉ። እህቴም ልጅ አላት፣ ይህ ነበር እንቅልፍ የነሳት። ወራሽ በአጠቃላይ ውርስ አልቀበልም የማለት መብት አለው፣ በጊዜው የሕግ ሰው መጠየቅ ነው እንጂ ዛሬ በድንጋጤ አምስት ሺህ ዶላር መክፈል አያሻም።

የከፈላችሁስ? ያው ቀን ባንካችሁን ጥሩ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ የመከራከር ዕድል አለ። በሐዋላ ከሆነ ሰዓታት ናቸው የሚወስኑት። ከዚያ ለፌዴራል ትሬድ ኮሚሽንና ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል አመልክቱ፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፣ በነጻ ነው። እህቴ ያመለከተችው ከአራት ወር በኋላ ነበር። ለምን ዘገየሽ አልኳት። "ሐበሻ ይሰማብኛል" አለችኝ። ኤፍቢአይ ሐበሻ ያለበት ይመስል!

ግን አትሳቁባት። ላስቬጋስ ውስጥ ይህን ነገር ከነገረቻቸው አምስት የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ መካከል ሁለቱ ታይምሼር ኖሯቸው ተገኙ። አንዷ ደግሞ ለሚሸጥላት ሰው ከፍላለች። ሦስቱም ቡና እየተጠራሩ፣ ሦስቱም ተደባብቀው ኖረዋል። አስቀድማ አንዷ አፏን ከፍታ ቢሆን ሌላዋ ትተርፍ ነበር።

አሁን ያለችበትን ልንገራችሁ። ሪዞርቱን ጠይቃ የመመለሻ ማመልከቻ አስገብታለች። የዚህን ዓመት ክፍያ ከፍላ መልስ እየጠበቀች ነው። ለወንድማችን ጉዳዩን ነግሬዋለሁ፣ ደውሎ ይቅርታ ጠይቋታል። እናታችን ግን አታውቅም፣ እባካችሁ ሰፈራችን ያላችሁ አደራ።

ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያን ሰዓት ከአሜሪካ ሲደወል ልብ ይቆማል፣ ታውቁታላችሁ። እሷ ናት። ሰው ደውሎላት ነበር። "ከመንግሥት ነኝ፣ ያጭበረበሩሽን ሰዎች ይዘናቸዋል፣ ገንዘብሽም ተገኝቷል፣ እንዲለቀቅልሽ 600 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ላኪ" አላት። አንዴ የበሉትን ሰው ስም ይዘው ነው የሚመለሱት፣ ይህንንም አንብቤ ነግሬያት ነበር።

"እና ምን አልሽው እታለም?"

"ከገንዘቤ ላይ ቀንሳችሁ ቀሪውን ላኩልኝ አልኩት።"

"እሺ አለ?"

"ሕጉ አይፈቅድም ምናምን አለ። እኔም ግዴለም፣ ሺውንም ቀንሱ አልኩት። ሁለት ሺውንም ውሰዱ አልኩት። ዘጋብኝ።"

ከዚያ ሳቀች። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። "በል ደሞ ይሄንንም ጻፍላቸው" አለችኝ።